የታችኛው ደርብ ጋን

ጥር 6

እትዬ፣

ሰላምታዬን ከታች ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ይቅርታዬን ተቀበዪኝ። አዎ፣ ስምሽን ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም፣ ጠጥቼም አልነበረም። ከቆጠራ ስመለስ ነው የሆነው። (አዲሱ ሥራዬ ይኸው ነው፦ አውቶቡስ ተራ ቁጭ ብዬ የሚሳፈረውንና የሚወርደውን መቁጠር። በስታትስቲክስ ለተመረቀ ወንድምሽ እስካሁን የተገኘለት እሱ ነው።) አንድ ትልቅ አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የሸክላ ሥራ ኤግዚቢሽን፣ ከዚህ በፊት የትም አሳይተው ለማያውቁ ሰዎች፤ አንድ ሥራ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ። እግሬ ነው ይዞኝ የገባው፣ እኔ አይደለሁም።

መዝጋቢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴትዮ ናቸው።

«የሥራው ባለቤት አንተ ነህ?»

«እህቴ ናት።»

«መመዝገቧን ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አልኩ። ይኸውልሽ፣ የዋሸሁት ይህችኑ ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ስላወቅሽ ውሸት መሆኗ ቀርቷል።

የአበባ ማሰሮ ብቻ ስትሠሪ መኖርሽን እኔም አልረሳሁም። ግን ከምድጃው ጀርባ፣ ጆንያ የለበሰውን ጋን የሠራው ማነው? ባለፈው ስመጣ ገልጬ አይቼዋለሁ፤ አልነገርኩሽም። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው። ወገቡ ላይ በጣትሽ ያዞርሽውን መስመር ተከትዬ ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ጫፉን አላገኘሁትም። እሱን ጋን ሰው ሳያየው እዚያ ጥግ ከቀረ እኔ እንቅልፍ የለኝም።

«ቢሰነጠቅስ?» ላልሽኝ ግን መልሱ እኔ ዘንድ የለም፤ ግድግዳሽ ላይ ነው። ምድጃውን በከፈትሽ ቁጥር ከየደርቡ ስንት አስገብተሽ ስንቱ እንደተሰነጠቀ በከሰል ታሰፍሪ የለ? ገልብጠሽ ላኪልኝ። ከሱ የመሰንጠቁን ዕድል አሰላልሻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት እኮ ይህንኑ ነው! በሹፌሩ በፍሬን እጅ ላኪው፤ ፖስታ ቤቱን አላምነውም። (ፍሬንንም የማምነው ጥላ ባየ ቁጥር ስለሚቆም ነው፤ አንድ ማሰሮሽን ሰብሮ አያውቅም።)

ሰላምታዬ ይኸውና፦ ለአንቺ፣ ለእማማ፣ ለጋኑ።

ወንድምሽ


ጥር 17

ለጥድፊያ፣

እኔ ሰላምታዬን እንደ ሰው ከላይ ነው የማደርገው። እንዴት ነህ? ትበላለህ? እማማ ደኅና ናት፤ ጉልበቷን እንደልማዷ ጠዋት ትረግመዋለች፣ ከሰዓት ትረሳዋለች። ምድጃው ደኅና ነው። ፍሬን ሚስቱ ወለደች፤ መኪናውን ያንን ቀን ብቻ ነው አሉ በፍጥነት የነዳው።

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። አይ፣ እንዲሰርዙኝ አልፈልግም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አትከራከረኝ።

ሰው ምን ይላል ብዬ አይደለም የምፈራው። ጋኑ አንድ ነው። ሌላ ልጀምር ብል፣ እሱ ሳይደርቅ ኤግዚቢሽናችሁ ተከፍቶ ይዘጋል። ሳላቃጥለው ከተውኩት ደግሞ ጭቃ ነው፤ ውኃ የነካው ቀን ይሟሟል። አቃጥዬው ከተሰነጠቀ ገል ነው፤ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ እንኳ አይሆንም። ምድጃ ውስጥ የሚገባው አንዴ ነው፤ ወይ ይወጣል ወይ አይወጣም። በቃ እሱ ነው ነገሩ።

ግድግዳውን ገልብጬልሃለሁ። ይኸው፦

ላይኛው ደርብ፦ የገባ 100፣ የተሰነጠቀ 10
መካከለኛው ደርብ፦ የገባ 120፣ የተሰነጠቀ 6
ታችኛው ደርብ፦ የገባ 80፣ የተሰነጠቀ 24

እማማ ስቆጥር ከኋላዬ ቆማ «ይኼን ሁሉ ነው የሰነጠቅሽው?» ብላ ደነገጠች። «የወጣውንም እይልኝ እንጂ» አልኳት። ድምሩን አልደመርኩም፤ ቤት ውስጥ የተማረ አለን ብዬ።

እህትህ


ጥር 22

እትዬዬ!

ጨፈርኩ። እውነቴን ነው፣ አልጋ ላይ ቆሜ ጨፈርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ዶክተሬ (የከብት ሐኪም ነው፤ እሱም እንደኔ ተመርቆ ሥራ እየጠበቀ ነው) «ሥራ አገኘህ እንዴ?» አለኝ። «የሚበልጠውን ነው ያገኘሁት!» ብዬ ወረቀትሽን ሰጠሁት። አገላብጦ አየና «ማሰሮ» አለ። ይኸው ነው የሱ ነገር።

አየሽ፣ ያስገባሽው በድምሩ 300 ነው። የተሰነጠቀው በድምሩ 40። ደኅና የወጣው 260። አሁን ሦስት መቶውን ሁሉ ጓሮ ውስጥ ከምረሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን ብታነሺ፣ እጅሽ የገባው ደኅና የመሆኑ ዕድል 260 ሲካፈል ለ300 ነው። ከመቶ ሰማንያ ሰባት ገደማ! ፕሮባቢሊቲ የሚሉት ይህንን ነው፤ ሎተሪ አይደለም፣ ጥንቆላም አይደለም። ስንት ጊዜ ሆነ፣ ከስንቱ? ይኸው ነው ጥያቄው። ያንቺ ከሰል አስተማሪዎቼ ከሰጡኝ ሠንጠረዥ ሁሉ ይበልጣል፤ የነሱ ቁጥር ቤተሰብ የለውም።

ሰማንያ ሰባት፣ እትዬ! ዶክተሬን ጠየቅኩት፤ «ከመቶ ሰማንያ ሰባቷ የምትድን ላም ብትመጣልህ ታክማታለህ?» «እንኳን ሰማንያ ሰባት፣ ላም ትምጣልኝ» አለኝ።

ርክክቡ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። አቃጥዪው! ነገ!

ወንድምሽ


የካቲት 3

እትዬ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እዚህ ነፋስ ነው። ዶክተሬ አንድ የዶሮ እርባታ ጠርቶት ሄዶ ነበር፤ ዶሮ አይወድም። አውቶቡስ ተራው ደግሞ አዲስ አጥር…

እሺ። ነፋሱንም ዶሮውንም ተዪው። «ጋኑ ከታች በቀር የት ይገባል?» ያልሽበት ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ መልስ ያዘገየሁት ፍሬን ዘግይቶ አይደለም።

ጋኑ ከታችኛው ደርብ በቀር እንደማይገባ አላሰብኩም። የምድጃው ጣሪያ ወደ ላይ እየጠበበ እንደሚሄድ እያወቅሁ፣ ውስጡ ገብቼ እየተደበቅኩ ያደግኩ ልጅ፣ አላሰብኩም። ሰማንያ ሰባት የሚለውን ቁጥር ሳይ ዓይኔ ፈዘዘ። ጋንሽን ከሦስት መቶው ጋር ቀላቅዬ፣ የላዩን በታቹ ላይ ደምሬ ሰጠሁሽ። መውሰድ የነበረብኝ ታች የገባውን ብቻ ነው። ታች ደግሞ…

አሁንም እየሸሸሁ ነው። ታች 80 ገብቶ 24 ተሰንጥቋል። 24 ለ80። ከአሥሩ ሦስቱ።

«ከአሥሩ ሰባቱ ደኅና ነው» ብዬ ላሳምርልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ አንቺ የምታዪው ሦስቱን ነው። እኔም ከትናንት ጀምሮ የማየው ሦስቱን ነው። «ነገ!» ብዬሽ እንደነበር ሳስብ ጆሮዬ ይግላል። እንኳንም አልሰማሽኝ።

ግን አንድ ነገር ዝም ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል። መካከለኛው ደርብ ላይ ከ120 የተሰነጠቀው ስድስት ነው፤ ከመቶ አምስት ማለት ነው። ታች ከመቶ ሠላሳ። ጭቃው አንድ፣ እጁ አንድ፣ እሳቱ አንድ። እንዲህ የሚያራርቃቸው ምንድነው? ታች የምታስቀምጪው ምን ምን ነው? በቁጣም ቢሆን መልሺልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 11

ለጥድፊያ፣

ሰላም ነን። ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ፤ ነፋሱን ያመጣህ ጊዜ ነው የገባኝ።

ጋኑን መልሼ ጆንያ አልብሼዋለሁ። አላስገባውም። አሥር ደረጃ ያለው መሰላል አምጥተህ ሦስቱ በስብሷል፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላውቅም ብትለኝ እወጣለሁ? አልወጣም። እንዳለ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ለሴትዮዋ ስሜን ሰርዙ በላቸው። በትሕትና ንገራቸው፤ መነጽራቸውን አታንሳ።

ታች ምን እንደማስቀምጥ መጠየቅህ ግን አስቆኛል። የማላምነውን ነዋ! የትኛውን ላስቀምጥ ኖሯል? እርጥበት ያልለቀቀውን፣ ገዢ አጣድፎኝ ሳይደርቅ ያነሳሁትን። ላይ ብሰቅለውና ቢፈነዳ ስባሪው በስሩ ባለው ላይ ይዘንባል። ታች ከፈነዳ ከራሱ በቀር ማንንም አይጎዳም። ጉንጬን አስጠጋዋለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ ውስጡ ውኃ አለ፣ እሱ ወደ ታች። ከዚያ የተረፈውን ቦታ በደረቀው እሞላዋለሁ። ግድግዳው ላይ የማላምነውን በነጥብ፣ የማምነውን በሰረዝ ነው የማሰፍረው፤ ላንተ ስገለብጥ ነጥቡንም ሰረዙንም አንድ ላይ ቆጠርኩልህ፤ ያው ታች ታች ነው ብዬ።

እማማ «ደኅና ናት በይው» እያለችኝ ነው። ደኅና ነኝ።

እህትህ


የካቲት 21

እትዬ! እትዬ! እትዬ!

ቁጭ በይ። እማማንም አስቀምጫት። ያቺን የአንድ መስመር ብጣሽ ወረቀት («ነጥቡን ለብቻ ሰረዙን ለብቻ ቁጠሪልኝ ስወድሽ») ጥለሽ ስላልሳቅሽብኝ እግዜር ይስጥሽ። ቁጥሮችሽ ዛሬ ደረሱኝ። ፍሬን ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ይኸው፣ ታችኛው ደርብ ብቻ፦

የማታምኚው (ነጥብ)፦ የገባ 40፣ የተሰነጠቀ 22
የምታምኚው (ሰረዝ)፦ የገባ 40፣ የተሰነጠቀ 2

ታየሽ? ሃያ አራቱን የሰነጠቀው ደርቡ አይደለም! ሃያ ሁለቱ ሲገቡም እርጥብ ነበሩ፤ የትም ቢቀመጡ ይሰነጠቁ ነበር። ደርቆ የገባው ከአርባው ሁለት ብቻ፤ ከሃያ አንድ። መካከለኛውን አስታውሺ፦ 6 ለ120። እሱም ከሃያ አንድ ነው! እኩል ናቸው! ያ ምስኪን ታችኛው ደርብ ስሙ በከንቱ ሲጠፋ ኖሯል፤ የሰው ሁሉ ጣጣ እሱ ላይ እየተጣለ «ክፉ ነው» ሲባል። ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ደረጃ ደኅና የሆነ መሰላል ነው፣ እትዬ።

አንዷ የተሰበረች ደረጃ ያንቺ ትሆን እንደሆነ ግን ልነግርሽ አልችልም። ሠንጠረዡ ጋንሽን አያውቀውም። የሚያውቀው ብዙ ማሰሮዎችን ነው፤ ስለ አንዱ ብቻውን ጠይቂው ዝም ይላል። ዶክተሬም በዚህ መሀል «የቆጠራችሁት የአበባ ማሰሮ፣ የምታስገቡት ጋን» ብሎ አፌን አዘጋኝ። እውነቱን ነው። ወፍራም ነው፣ ለመድረቅም ይቆያል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን ጋኑ ከነጥቦቹ ነው ወይስ ከሰረዞቹ የሚለውን ነው። ከነጥቦቹ ከሆነ ከግማሽ በላይ ይሰነጠቃል፤ ከሰረዞቹ ከሆነ ከሃያ አንድ። እሱን ደግሞ የሚነግረን ጉንጭሽ ነው። ሆዱን ብቻ አይደለም፣ እግሩንም፣ ወገቡንም፣ አፉንም አስጠጊው። ከቀዘቀዘሽ ጠብቂ።

አዎ፣ አትቸኩዪ። እኔ ነኝ ያልኩት። እንደገና ልጽፈው፦ አትቸኩዪ።

ስሜን አሰርዝ ስላልሽኝ አዳራሹ ድረስ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ መነጽራቸውን ሲያወርዱ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሌላ ነገር ተናገርኩ።

«ጋኑ አልደረቀም፤ ቀን ይጨምሩልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ሁሉም ቀን ጨምሩልኝ ነው የሚለው። ለምን ላንተ?»

«ሌሎቹ ሥራው አላለቀም ብለው ነው። የእህቴ አልቋል፤ የሚጠብቀው ነፋስ ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «እኔ አንድ ጊዜ ከነፋስ ጋር ተጣድፌ የምወደውን ነገር ሰብሬያለሁ» አሉ። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩም። ከዚያ «እስከ መጋቢት አጋማሽ። ካለፈ ግን ቦታው ለሌላ ነው» አሉና እርሳሳቸውን አነሱ።

እስከዚያ አንድም ደብዳቤ ጽፌ አላጣድፍሽም። እንዴት እንደምችለው አላውቅም። አውቶቡስ ተራ ላይ ሰው ሲወርድ መቁጠር ትቼ ጉንጩን እያየሁ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 9

ለወንድሜ ለጥድፊያ፣

ይህን የምታነበው መኪናው ጎን ቆመህ ነው። ሸራውን እንዳትነካ። አንብበህ ሳትጨርስ ገመዱን ብትይዝ ጭነቱን ይዞ እንዲመለስ ፍሬንን አዝዤዋለሁ። ታውቀዋለህ፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይመለሳል።

ሰላምታ ከላይ ነው፤ እሱ አይዘለልም። እማማ ደኅና ናት። የፍሬን ልጅ ሳቀች ይላሉ። እኔም ደኅና ነኝ፤ እጄ ትንሽ ተቃጥሏል፣ አያሳስብም።

«አትቸኩዪ» ያልክበት ቦታ ላይ ስደርስ እማማ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው።

«የሱ ጽሕፈት ነው?»

«ነው።»

«ሁለት ጊዜ ጽፎታል።»

«አዎ።»

«ልጄ ታሟል» አለችና ደኅንነትህን ይጠይቅላት ዘንድ ፍሬንን ልትልክ ተነሳች። በስንት መከራ አስቀመጥኳት።

ጉንጬን አስጠጋሁ። ሆዱ ምንም አይልም፣ አፉም ምንም አይልም፤ እግሩ ግን ቀዘቀዘኝ። እኔ እኮ ከደረቀ ቆይቷል ብዬ ነበር የማምነው፤ ሆዱን እየነካሁ። ያኔ «ነገ!» ያልከኝን ሰምቼ ቢሆን ከነጥቦቹ አንዱ ይሆን ነበር። ይህን የምነግርህ ልወቅስህ አይደለም። እኔም ያን ቀን እንጨት መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት እማማ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ተንበርክከን ጉንጫችንን እግሩ ላይ ማስጠጋት ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን ጎረቤት መሰላል ልትዋስ መጣች፤ ሁለታችንን ጋን ስናዳምጥ አየችና መሰላሉን ሳትጠይቅ በመጣችበት ተመለሰች። እስካሁን በር ላይ ስታገኘኝ በቀስታ ነው የምታናግረኝ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት እማማ ራሷን ቀና አድርጋ «እንደ ግድግዳ ሆኗል» አለች። አስጠጋሁ። እውነቷን ነው። አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም።

ስለ እሳቱ ብዙ አልጽፍልህም። እንጨቱን በጥቂት በጥቂቱ ነው ያስገባሁት። እማማ «ዝም በዪ፣ ያዘናጋሻል» እያለች እሷው ስታወራ ዋለች።

ቀዝቅዞ ሲከፈት ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ሠንጠረዥህን ላስተካክልልህ። ላይ የአበባ ማሰሮ ነበር፣ አንዱ ተሰንጥቋል። መካከል የነበረው ሁሉ ደኅና ነው። ከምድጃው አፍ አጎንብሼ ታችኛውን ከማየቴ በፊት ወጥቼ ውኃ ጠጣሁ። እማማ «አይተሽዋል?» አለች። «አላየሁትም።» «እንግዲያው ለምን ታለቅሻለሽ?» «ጭሱ ነው» አልኳት፤ ጭስ አልነበረም። ከዚያ እጄን ይዛኝ አብረን ገባን።

ታች በዚህ ጊዜ ነጥብ የሚያሰጥ አንድም ነገር አላስገባሁም። አንድ ሰረዝ ብቻ ነው ግድግዳው ላይ የጨመርኩት። ጠማማ ሆኗል፤ ስትመጣ ታየዋለህ፣ እንዳትስቅ።

እርሳስ አለህ? አውጣ። ታችኛው ደርብ፣ ከማምነው። የገባው አርባ ነበር፤ አርባ አንድ በለው።

የተሰነጠቀው ሁለት ነበር። እሱን እንዳለ ተወው።

አሁን ሸራውን ግለጥ። ቀስ ብለህ።

እህትህ